የግብጦ ውለታ

እንጅባራ ገበያ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ፍሬ አየሁና እንደ ሽምብራ ቆረጠምሁት። አፌ ሬት ሆነ። የሚሸጡት እናት ሳቁብኝና፣ «ልጄ፣ ግብጦ እኮ ተቆልቶ፣ ውኃ ውስጥ ቀናት ሰንብቶ ነው የሚበላ» አሉኝ።

የአዊ ገበሬ ግብጦን የሚዘራው ሌላ እህል እምቢ ባለው ማሳ ላይ ነው፤ ብዙም ሳያርስለት፣ ያለ ማዳበሪያ። በዓመቱ እዚያው ማሳ ላይ ገብስ ወይም ጤፍ ይከተላል። ከእህሉ ጋር አዳብሎ የሚዘራውም አለ።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላ በ1ኛው መቶ ዘመን ግብጦ የደከመ መሬትን እንደ ፍግ እንደሚያበረታ ጽፏል። ምስጢሩ የተገለጠው ግን በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ጀርመናውያኑ ሄልሪጌልና ቪልፋርት በጥራጥሬ ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ተክሉን ከአየር በተገኘ ናይትሮጅን እንደሚመግቡት አረጋገጡ። ግብጦ ከዚህም ያልፋል፤ ሥሩ አሲድ እያመነጨ አፈር አስሮ የያዘውን ፎስፈረስ ይፈታል። እንደ እንጅባራ ላለ አሲዳማ አፈር ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

የፋብሪካ ማዳበሪያ ለገበሬያችን መዳረስ የጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ በኩንታል የሚገዛውም በዋናነት እነዚሁኑ ሁለቱን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ነው። ማዳበሪያ አያስፈልግም አልልም፤ ግብጦ ብቻውን አገር አያጠግብም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። «የድሃ እህል» እያልን የናቅነው ተክል፣ ገበሬው በዕዳ ከሚገዛው ከፊሉን በነጻ ሲሰጠው ኖሯል።

እኚያ እናት በውኃ የሰነበተውን አቀመሱኝ። ምሬቱ የለም። ንቀታችን ግን ገና አልታጠበም።