ማሳቅ ቀላል ነው?

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ለትራጄዲ ሦስት ሳምንት፣ ለኮሜዲ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር የምመድበው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ማሳቅ ቀላል ስለሆነ ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄ አለፍኩት። ዛሬ ባገኛት የሉሲል ቦልን ታሪክ አጫውታት ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሉሲል በ1911 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ጄምስታውን ከተማ ተወለደች። በሦስት ዓመቷ አባቷ ሞተ። ሆሊውድ ገብታ በብዙ ፊልሞች ብትሠራም ከሁለተኛው ረድፍ ሳትወጣ አርባ ዓመቷን ልትደፍን ተቃረበች። ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው ጣቢያ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ሲጋብዛት ግን ዝም ብላ እሺ አላለችም። ባል ሆኖ የሚተውነው እውነተኛው ባሌ ካልሆነ አልሠራም አለች። ባሏ ዴሲ አርናዝ ደግሞ ከኩባ የመጣ ሙዚቀኛ ነው። ኃላፊዎቹ «ሕዝቡ አይቀበለውም» ብለው አመነቱ። ባልና ሚስት በ1950 ጓዛቸውን ሸክፈው በየከተማው መድረክ ላይ ወጡ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ክርክሩም አለቀ።

«አይ ላቭ ሉሲ» በ1951 ተጀመረ። ሉሲ መድረክ ላይ ልውጣ እያለች ባሏን የምታስቸግር፣ የነካችው ሁሉ የሚበላሽባት የቤት እመቤት ናት። በ1952 በታየው ክፍል ቸኮሌት ፋብሪካ ትቀጠራለች። ማሽኑ ሲፈጥንባት መጠቅለል ያቃታትን ቸኮሌት አፏ ውስጥ፣ ቆቧ ውስጥ፣ ጉያዋ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለች። አይተን የምንስቀው ሞኝነቷን ነው። ያ «ሞኝነት» ግን በልምምድ ብዛት የተሠራ ነበር። እሷ ራሷም በተፈጥሮዬ አስቂኝ አይደለሁም ትል ነበር።

ከካሜራው ጀርባ ያለው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው የቴሌቪዥን ዝግጅት በቀጥታ ተላልፎ ይቀር ነበር። ባልና ሚስቱ ግን ተመልካች ፊት በሦስት ካሜራ በፊልም እንቅዳው አሉ። ወጪው ስለበዛ ደመወዛቸውን አስቀንሰው በምትኩ የፊልሙን ባለቤትነት ያዙ። በ1957 ኩባንያቸው ዴሲሉ የአር.ኬ.ኦ.ን ስቱዲዮዎች ገዛ። ሉሲል በ1930ዎቹ ተቀጥራ የሠራችበትን ግቢ ማለት ነው!

ነገሩ ሁሉ ሳቅ ብቻ አልነበረም። በጃንዋሪ 1953 ሉሲ የወለደችበትን ክፍል 44 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያይ፣ ሉሲልም በዚያው ቀን ወንድ ልጅ ተገላገለች። «እርጉዝ» የሚለውን ቃል ግን ጣቢያው ለአየር አላበቃውም። በዚያው ዓመት፣ በ1936 ኮሚኒስት መራጭ ሆነሽ ተመዝግበሻል ተብላ ተጠየቀች። አያቴን ደስ ለማሰኘት ብዬ ነው አለች። በዚያ ዘመን ስንቱ እንጀራውን ሲያጣ እሷ ተረፈች።

በ1960 ከዴሲ ተፋታች። በ1962 ድርሻውን ገዝታ ዴሲሉን ብቻዋን መምራት ጀመረች። «ስታር ትሬክ»ም የተሠራው በእሷ ስቱዲዮ ነው። በ1967 ኩባንያውን ሸጠች፤ በ1989 አረፈች።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ስቱዲዮ የምትገዛው ሴት በየሳምንቱ ስክሪን ላይ የምትታየው ባሏን ገንዘብ ስትለምን ነበር። ምናልባት ያ ዘመን ሴት ስትሸነፍ እንጂ ስታዝ ለመሳቅ አልተዘጋጀም ይሆናል። እሷም ይህን ሳታውቀው አልቀረችም።

ለተማሪዬ የሚገባት መልስ «አይደለም» ነበር። ያን ቀን መልሱን በሳቅ ማለፌ ዛሬም ይቆጨኛል።