የካሱቢ ምሰሶዎችና የአግዳሚ እንጨት ትምህርት

በካምፓላ ከተማ፣ በካሱቢ ኮረብታ ላይ፣ የቡጋንዳ ነገሥታት የተቀበሩበት ታላቅ የሣር ቤት አለ። ቀዳማዊ ሙቴሳ በ1882 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) ቤተ መንግሥት አድርጎ አሠራው፤ በ1884 ሲሞትም መቃብሩ ሆነ። ቤቱ ከዳር እስከ ዳር 31 ሜትር ይሰፋል። ወደ ውስጥ የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያስተውለው ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ጨርቅ የተጠቀለሉትን ምሰሶዎች ነው። በአገራችን ጎጆ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምሰሶ ይበቃል፤ በዚያ ግን ብዙ ናቸው።

ስለ ምን በዙ? በሁለት ምሰሶዎች ላይ የተጋደመ እንጨት ሸክሙ በርዝመቱ ሁሉ እኩል ሲያርፍበት፣ የምሰሶዎቹ ርቀት እጥፍ ቢሆን የሚያጎብጠው ኃይል 4 እጥፍ፣ ጉብጠቱም 16 እጥፍ ይሆናል። የካሱቢ ሠሪዎች ይህን በቀመር ባይጽፉትም በእጃቸው ያውቁት ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

በጽሑፍ የመረመረው ጋሊልዮ ነው። በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ጫፉ በግንብ የተተከለ፣ በሌላው ጫፉ ሸክም የተንጠለጠለበት እንጨት ብርታቱ በወርዱና በቁመቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግ አሳየ። ሳንቃ በጠርዙ ሲቆም የሚበረታው ስለዚህ ነው። ነገር ግን የእንጨቱ ጭረቶች ሁሉ እኩል የሚሳቡ መስሎት ነበርና ብርታቱን ከእውነተኛው 3 እጥፍ አብዝቶ ገመተው። በእውነቱ ሸክሙ ጫፉን ወደ ታች ሲጫነው የላይኛው ጭረት ይሳባል፣ የታችኛው ይጨመቃል፣ በመካከልም የማይሳብና የማይጨመቅ ንጣፍ አለ። ፓራን በ1713፣ ኩሎም በ1773 ይህን አቀኑ፤ ናቪዬ በ1826 ባሳተመው ትምህርት አጸናው። ከጋሊልዮ እስከ ናቪዬ 188 ዓመት አለፈ። ተማሪ ግን ቀመሩን በአንድ ሰዓት ገልብጦ ይወጣል፤ የጋሊልዮን ስሕተት ብንነግረው ቀመሩ ከየት እንደ መጣ በተረዳ ነበር። ወርዱ 3 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ማስመሪያ ይስጡት፤ በጠርዙ ሲያቆመው ከተጋደመው 100 እጥፍ ለመጉበጥ ይከብዳል።

ወደ ካሱቢ እንመለስ። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ቤት መጋቢት 2010 ተቃጠለ። ለዳግም ሥራው የተጠራ መሐንዲስ በብረት አግዳሚ ርቀቱን አስረዝሞ ምሰሶዎቹን መቀነስ ይቻለው ነበር፤ ይሁን እንጂ ያ ቤት ይቆማል እንጂ ካሱቢ አይሆንም። ሥራው ዓመታት ወሰደ፤ ዩኔስኮም በ2023 ቤቱን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር አወጣው።