የአይሮፕላን ጠባቂ መሣሪያ ዕድሜ

ዘበኛ በቆመበት ቢያንቀላፋ ቤቱ ሰላም የሆነ ይመስላል። የአይሮፕላንን አካል እንዲጠብቁ የሚለጠፉት ሴንሰር የተባሉት ጠቋሚ መሣሪያዎችም የሚያሳስቡት በዚሁ ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኮሜት እንመለስ። ኮሜት የተባሉት ሁለት የእንግሊዝ ጄት አይሮፕላኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም.፥ አንዱ በኤልባ ደሴት አጠገብ 35 ሰዎች፥ ሁለተኛው በናፖሊ አቅራቢያ 21 ሰዎች እንደ ያዙ በአየር ላይ ተበታተኑ። የፋርንቦሮ መርማሪዎች ሌላ ኮሜት በታላቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፥ በበረራ ጊዜ የሚያገኘውን ግፊት ውኃ በመሙላትና በመልቀቅ ደጋግመው አሳዩት። ቀድሞ የበረረው ተጨምሮ 3,057 በረራ ሲሞላው ግድግዳው ተቀደደ። ብረት የሚደክም መሆኑ በዓለም ፊት ተገለጠ።

የብረትን መሳሳብ የሚለካ መሣሪያ ግን አስቀድሞ በ1938 ተገኝቶ ነበር። ሲመንስና ሩጌ የተባሉ አሜሪካውያን እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ቀጭን ሽቦ በሚለካው ነገር ላይ አጣበቁ፤ ብረቱ ሲሳብ ሽቦው አብሮ ስለሚሳብ፥ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያልፍበትም። ዘዴው የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ሁሉ በሙጫው ላይ የቆመ ነው። ሙጫው በእርጥበት፥ በብርድና በሙቀት መፈራረቅ የላላ እንደሆነ፥ ብረቱ ሲጨነቅ ሽቦው ዐርፎ ይቀመጣል፤ ደኅና ነው እያለም ይመሰክራል። ከዚህ የከፋ ሐሰተኛ ምስክር አላውቅም።

የሙጫን ነገር የሚንቅ ቢኖር የሃዋይን አደጋ ይመልከት። በ1988 ዓ.ም. ከ89,000 በላይ በረራ ያደረገ የአሎሃ ኩባንያ ቦይንግ 737 በአየር ላይ ሳለ ጣሪያው ተገነጠለና አንዲት አስተናጋጅ ሞተች። የቆርቆሮውን መጋጠሚያ የያዘው ሙጫ ለቆ፥ ሸክሙ ሁሉ በሪቬቶቹ ላይ ወድቆ፥ ስንጥቁ በዝቶ ኖሯል። አንድ መንገደኛ ሲሳፈር ስንጥቁን አይቶ ለማንም አልተናገረም!

ከዚያ በኋላ በአውስትራሊያ የተሠራው ሌላ ዓይነት ጠቋሚ ይህን ዝምታ የሚያስቀር ነው። በአይሮፕላኑ ገላ ላይ የሚለጠፍ ስስ ንጣፍ ሲሆን፥ ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉበት፤ ከአንዱ ቦይ አየር ይመጠጣል፥ በጎረቤቱ ይተዋል። ስንጥቅ በሥራቸው ያለፈ እንደሆነ አየሩ ወደ ባዶው ቦይ ሾልኮ ይገባል፤ መለኪያውም ያውቃል። ንጣፉ ራሱ ቢላቀቅም ያው አየር ይገባበታል፤ ስለዚህ ሲበላሽ ብልሽቱን ራሱ ይናገራል።

እርግጥ ነው፤ መካኒኩ መሸፈኛውን ከፍቶ ሲመለከት፥ ብረቱ ደኅና ሆኖ ንጣፉን ብቻ ተላቆ ሊያገኘው ይችላል፤ መንገደኞችም በከንቱ ቆየን ብለው ያጉረመርማሉ። እኔ ግን ከነሱ ጋር ተቀምጬ ብጠብቅ እመርጣለሁ።