የፌስቱላ ሆስፒታል ዜና መዋዕል

የቀደሙት ጸሐፍተ ትእዛዝ የነገሥታቱን ዘመቻ፣ የአድባራቱን መታነጽ፣ የመኳንንቱን ሹም ሽር ጽፈው አቆይተውልናል። ሦስትና አራት ቀን አምጣ ልጇንም ጤናዋንም አጥታ በጓሮ ጎጆ ስለቀረችው ሴት ግን የጻፉት እጅግ ጥቂት ነው። እኔ የእሷን ዜና በእነሱ ሥርዓት እጽፋለሁ፤ ከነገሥታቱ ዜና አያንስምና።

የደዌው ስም ፌስቱላ ነው፤ ነገሩም እንዲህ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ዳሌ መካከል ማለፍ ሲያቅተው፣ ጭንቅላቱ በፊኛዋና በማሕፀኗ በር መካከል ያለውን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። የሞተው ሥጋ በወደቀ ጊዜ ቀዳዳ ይከፈትና ሽንቷ፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድሯ፣ ሌሊትና ቀን ያለ ፈቃዷ ይፈሳል። ያን ጊዜ ጠያቂ ይርቃታል፤ ባሏም ወደ እናት አባቷ ቤት ይመልሳታል። ባል ሁሉ ጨካኝ ነበር አልልም፤ ሚስቱን ይዞ ሐኪም ፍለጋ የተንከራተተም ነበረ። ሰው የእግዜር ቁጣ ቢለውም፣ ምክንያቱ የመንገዱ ርቀትና ሆድ ከፍቶ የሚያዋልድ ሐኪም መታጣቱ ነው።

የወሊድ መከራ ለንጉሥ ልጅም አልቀረም፤ በ1934 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በወሊድ ምክንያት ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና 22 ነበር። በስደቱ ዘመን ለንደን ተቀምጠው ነርስነት የተማሩ፣ ለአገራቸው ሕክምና ብዙ ያሰቡ ሴት ነበሩ። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። በዚያም ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም እንደሚፈለግ ‹ላንሴት› በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ማስታወቂያ ወጣ። ማስታወቂያውንም የኒውዚላንዱ ተወላጅ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና አውስትራሊያዊት ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን አነበቡት። በ1951 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው ለሦስት ዓመት ነበር።

ይህን ደዌ ሁለቱም ከዚያ በፊት በዓይናቸው አላዩትም ነበር። በሀብታሞቹ አገሮች ምጥ የጠናባት ሴት በጊዜ ሐኪም ስለምታገኝ ሕመሙ ጠፍቷል። ስለዚህ የግብፁን ሐኪም የናጊብ ማሕፉዝን ጽሑፍ እያነበቡ፣ ያነበቡትንም በቀዶ ሕክምናው ላይ እየሞከሩ ተማሩ። ጥቂት ሴቶች ድነው ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ወሬው በገበያና በጸበል ቦታ ተዳረሰ። ከሰሜንም ከደቡብም፣ በእግርም በአውቶቡስም ይመጡ ጀመር፤ ዶክተር ሬጂናልድም ተሳላሚዎች ይሏቸው ነበር። በአንድ ክፍል ከሌሎች ሕሙማን ጋር ማስተኛቱ አስቸጋሪ ስለሆነ በሆስፒታሉ ግቢ የብቻቸው ማደሪያ ተሠራላቸው። ማደሪያው ግን አልበቃም።

በዚህም ምክንያት ባልና ሚስቱ ከየአገሩ ገንዘብ ለምነው፣ በአዲስ አበባ ወንዝ ዳር ለዚሁ ደዌ ብቻ የሆነ ሆስፒታል አቆሙ። በ1967 ዓ.ም. ተከፈተ። ያ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት፣ ደርግ የነገሠበት ዓመት ነው። ብዙ የውጭ ሰዎች አገሩን ጥለው ሲሄዱ ሐምሊኖች አልሄዱም። በጥይቱም በረሀቡም ዘመን በሩ ክፍት ነበር፤ ከታካሚ ገንዘብ አይጠየቅም፣ የዳነችውም አዲስ ቀሚስ ለብሳና መሳፈሪያ ተሰጥቷት ወደ አገሯ ትሸኛለች።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔ አብልጬ የማከብረው ሌላ ነገር ነው። ታካሚዎቹ አስታማሚዎች ሆኑ። አልጋ ማንጠፍ፣ የሽንት ቱቦ መጠበቅ፣ አዲስ ለመጣችው ውኃ አብዝታ እንድትጠጣ መምከር፣ ይህን ሁሉ የሚሠሩት በዚያው አልጋ ላይ የተኙ ሴቶች ነበሩ። ከገጠር አንገቷን ደፍታ የመጣች ሴት፣ እኔም እንዳንቺ ነበርሁ የምትላትን ስታገኝ፣ ቢላው ያልደረሰበትን ቁስል የሚጠግን ይህ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ከእነዚህ ሁሉ ስሟ የገነነው ማሚቱ ጋሼ ናት። ገና በወጣትነቷ ታማ መጣች፤ ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ ረግጣ አታውቅም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀምራ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች፤ እጇ መልካም መሆኑን ያዩት ሐኪሞች መሣሪያ ማቀበልን፣ ከዚያም መስፋትን አስተማሯት። በመጨረሻም ቀዳዳውን ራሷ ትጠግን ጀመር፤ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠነች። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለእሷና ለሐምሊኖች በአንድነት የወርቅ ሜዳይ ሰጠ። የአገራችን ልጆች ይህንን ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሐፋቸው ሊያነቡት ይገባ ነበር።

ቀዶ ሕክምና ያልፈወሳቸውም ነበሩ። ፊኛቸው ፈጽሞ የተበላሸ፣ ሽንታቸው በሆዳቸው በኩል በከረጢት የሚወጣ ሴቶች ከሐኪም እጅግ መራቅ አይችሉም። ለእነሱ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠራ፤ በዚያም እየኖሩ አትክልት ያለማሉ፣ ከብት ያረባሉ፣ ሙያ ይማራሉ።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. ዐረፉ። ታካሚዎቻቸው እማዬ ይሏቸው የነበሩት ካትሪን ግን በዚያው ግቢ ቆዩ። ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማእከሎች ተከፈቱ፤ መንገደኛዋም በቅርቧ ታከመች። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ለካትሪን የክብር ዜግነት ሰጠ። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ በቤታቸው ዐረፉ። እስከዚያ ዘመን በሆስፒታሉ የታከሙት ሴቶች ከ60,000 በላይ ናቸው፤ ሥራውም በኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እጅ ሆነ።

ሆኖም የተጠገነችው ሴት ብትድንም፣ በዚያው መንደር ሌላዋ በምጥ ተይዛ ሦስት ቀን ትቆያለች። ስለዚህ በ2007 እ.ኤ.አ. የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ማስታወቂያ የጠየቀው ነገርም ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ሲል ዳግመኛ ተጀመረ። ኮሌጁ ልጃገረዶችን ከገጠር መርጦ አራት ዓመት ያስተምራል፤ ሲመረቁም ወደ መጡበት ክፍለ አገር ይመለሳሉ። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ፤ አንዷ ሌሊቱን ስታዋልድ ያደረች እንደሆነ ሌላዋ ቀኑን ትቀበላለች፣ ምጡ የጠናባትንም ሳይመሽ ወደ ሆስፒታል ትልካለች።