የማንዛላ ሐይቅ

የማንዛላ ሐይቅ በሰሜን ምሥራቅ ግብፅ፣ በናይል የደምያጥ ቅርንጫፍና በስዊዝ ቦይ መካከል የሚገኝ ጥልቀት የሌለው የባሕር ዳርቻ ሐይቅ ነው። ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚለየው ቀጭን የአሸዋ ሰርጥ ሲሆን ባሕሩና ሐይቁ በጠባብ መተላለፊያዎች ይገናኛሉ። በናይል ዴልታ ዳርቻ ካሉት ሐይቆች ትልቁ ነው። ሸምበቆ የበቀለባቸው ብዙ ደሴቶች ያሉት ሲሆን የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ወፎች ያርፉበታል።

የደለሉ መቋረጥ

ዴልታውን የሠራው ናይል ለሺህ ዓመታት ያመጣው ደለል ነው። አብዛኛው ደለል በአባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ይሄዳል። የዴልታው መሬት በየጊዜው ይሰምጣል፤ ቀድሞ ግን የየዓመቱ ጎርፍ አዲስ ደለል እያነጠፈ የሰመጠውን ይተካ ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ደለሉ በናስር ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አፈር ግብፅን ያለማል የሚለው አባባል ለዴልታው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል ካለፈበት። መስመጡ ግን አልቆመም፤ የባሕሩም ከፍታ እየጨመረ ነው። ማዕበል የሚበላውን ዳርቻ የሚተካ የወንዝ ደለል የለም።

የፍሳሽ ጉዳት

የባሕር ዳርቻ ረግረግ ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ ጨው ይበዛበታል። በማንዛላ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ግድቡ ዓመቱን ሙሉ በመስኖ ማረስ ስላስቻለ፣ ከእርሻ የሚወጣው ውሃ ማዳበሪያ ይዞ በብዛት ወደ ሐይቁ መግባት ጀመረ። ከሁሉ የከፋው ባሕር ኤል በቀር የተባለው ቦይ ነው፤ ከእርሻው ውሃ ጋር የካይሮንና የሌሎች ከተሞችን የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ያመጣል። በዚህ ምክንያት የሐይቁ ጨዋማነት በተለይ በደቡብ በኩል ቀነሰ። ከባሕር የሚገባው ሙሌት የተባለው ዓሣ ቦታውን ለቆሮሶ ለቀቀ። በጣና የሚታወቀው እምቦጭም ተስፋፋ። ማዳበሪያው አልጌን ያበዛል፤ አልጌው ሲበሰብስ ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በጭቃውና በዓሣው ውስጥ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶች ተገኝተዋል። ሆኖም ማዳበሪያው ቆሮሶን ጭምር ስለሚመግብ፣ የተጠመደውን ዓሣ ክብደት ብቻ የሚመለከት ሰው ጉዳቱን ላያየው ይችላል።

የስፋቱ መቀነስ

ለእርሻ፣ ለዓሣ ኩሬና ለግንባታ ተብሎ ሐይቁ ሲደርቅና ሲከለል ቆይቷል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፋቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጥቷል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በባሕር ኤል በቀር ቦይ ላይ በቀን 5.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ ተመረቀ። የተጣራው ውሃ ግን ወደ ሐይቁ አይመለስም፤ በስዊዝ ቦይ ሥር አልፎ የሲናን እርሻ ያጠጣል። ወደ ሐይቁ የሚገባው የቦይ ውሃ ሲቀንስ የባሕሩ ውሃ ድርሻ ይጨምራል፤ ጨዋማነቱም እንደገና ከፍ ይላል።