ቡና ላይ የተሞላ ምርጫ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የሰፈራችንን አንድ ወሬ ላውጋችሁ። ዘመኑ 2016 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ መንደሩ ጭጭ ብሏል። እንዴት ጭጭ አይል! በአገር ደረጃ ከመቶ ተፈታኝ ግማሹን ነጥብ የተሻገረው አምስት ብቻ ነው፤ እሱም በ2014 ዓ.ም. ከነበረው ሦስት ይሻላል ተብሎ። የጎረቤቴ የእትዬ ልጅ ግን አልፋለች። እልልታው ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ልጅት ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሙሉ ተባልን» አለችኝ።

ቡና ተፈላ። ምክርም ከቡናው ቀድሞ ፈላ። ዳላስ ያለው አጎቷ በቪዲዮ ብቅ ብሎ «ስድስት ኪሎ ነዋ! ሌላ ምን አለ?» አለ። ሠላሳ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው አይፈረድበትም፤ የስድስት ኪሎው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት መጀመሩን አልሰማም። እትዬ «ቅርብ ይሁንላት፣ ቢያንስ ለበዓል ትምጣልኝ» አሉ። አንዱ ጎረቤት ኢንጂነሪንግ አለ፤ ለምን ብትሉት አያውቀውም፣ ብቻ አለ።

ታላቅ ወንድሟ ሲኒውን እያሽከረከረ ዝም ብሏል። የሱን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ከአንድ የግል ኮሌጅ ቅርንጫፍ አካውንቲንግ ተምሯል። ማስታወቂያው ላይ «እውቅና ያለው» የሚል በትልቁ ተጽፎ ነበር። እውነትም ነበረው፤ ግን ዋናው ግቢ። እውቅና በጅምላ አይሰጥም፤ እውቅና ሰጪው ባለሥልጣን የሚፈቅደው ለዚህ ትምህርት፣ በዚህ ግቢ፣ በመደበኛ ወይም በርቀት እያለ ለይቶ ነው። ልጁ ይህን ያወቀው በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናው ሲመጣ ነው፤ ስሙ ከተፈታኞቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። የከፈለው ገንዘብ ይቅር፣ ዓመቶቹን ማን ይመልስለት? በመጨረሻ ቀና ብሎ እህቱን «በሩ ላይ የተለጠፈውን አትመኚ» አላት። ሌላ አልጨመረም።

እኔም ጠየቅኳት፤ «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ልጅት አላቅማማችም። «ሰው ማከም እፈልጋለሁ ጋሼ። ግን ዓመቱን ሙሉ ደብተር ስገለብጥ ከርሜ አይደለም።»

ያኔ ደምቢያ ትዝ አለችኝ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ከጣና በስተሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ ወባ ገባ። ሰው በሺህ አለቀ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚደርስ ሐኪም ከየት ይምጣ? ሐኪም የሚያወጣ ትምህርት ቤት እንኳ በአገሩ አልነበረም። እንግዲህ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ሦስቱን በአንድ ላይ ያሠለጥን ጀመር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች እየወጡ ይማሩ ነበር፤ አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ የምንጩንና የመጸዳጃውን ነገር ያያል። በቡድን የመውጣቱ ልማድ ዛሬም እዚያ አለ።

«ትምህርት ቤት ሲመርጡ ማን እንደሠራውና ለምን እንደሠራው ይጠየቃል» አልኳት። የዓለማያው ኮሌጅ በኦክላሆማ ሰዎች እገዛ ለእርሻ ነው የቆመው፤ የአርባ ምንጩ በ1979 ዓ.ም. ሲከፈት ለውሃ ነበር። አሁን አብዛኞቹ ብዙውን ያስተምራሉ፣ ልክ ነው። አካውንቲንግ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይቸግራል። ቢሆንም ግቢው ጥንት የተጀመረበት ሙያ መምህሩም፣ ቤተ ሙከራውም፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተበተነው የቀድሞ ተማሪም ይኖረዋል።

ደግሞ ላታልላት አልፈለግሁም። ምደባው ውጤቷንና የቦታውን ብዛት ያያል እንጂ የሷን ልብ ብቻ አያይም። ብትመደብም የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያም ውጤት ይጠየቃል። ጤና ብላ ሄዳ ሌላ ቦታ ልትወድቅ ትችላለች።

ልጅት ይህን ሰምታ ምን አደረገች መሰላችሁ? የአክስቷ ጎረቤት ልጅ ጎንደር አራተኛ ዓመት ናትና ደወለችላት። እኛ ሽማግሌዎቹ ያላሰብነውን ጠየቀቻት። «ታካሚ ማየት የምትጀምሩት ስንተኛ ዓመት ላይ ነው? አንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ሆናችሁ ትቆማላችሁ?» ወዲያ ማዶ ሳቅ ተሰማ። «ስንበዛ ከኋላ ቆመሽ የሰው ትከሻ የምታዪበት ቀን አለ። ጤና ጣቢያ ስንወጣ ግን ጥቂት ስለምንሆን በእጅሽ ትሠሪያለሽ።»

ልጅት ስልኩን ዘጋች። አንደኛ ጎንደር፣ ሁለተኛ ጅማ ብላ ሞላች፤ ጅማም ተማሪውን ኅብረተሰቡ ዘንድ አውጥቶ በማስተማር የታወቀ ነው። የዳላሱ አጎት አኮረፈ፤ ሦስተኛው ቡና ሳይወርድ መስመሩ ተቋረጠ፤ እሱ ኔትዎርክ ነው ይላል።

እትዬ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ምደባው ገና አልወጣም፣ ቀኑም አልተቆረጠም። ከሣጥን አንድ ጋቢ አውጥተው እያራገፉ መጡ፤ «ጎንደር ሌሊት ይበርዳል አሉ» አሉ።