ኪስ ሲሳሳ የሚበላው የጋና መክሰስ

እስቲ ለአፍታ አክራ መንገድ ዳር ቆመን እንይ። ከከሰሉ በላይ፣ በሽቦ ፍርግርግ ላይ፣ የተላጠ ፕላንቴን ይገላበጣል። አጠገቡ በትንንሽ ላስቲክ የታሰረ የተቆላ ኦቾሎኒ አለ። ሁለቱ አብረው ይበላሉ። ጋናውያን ይህን መክሰስ «ኮፊ ብሮክማን» ይሉታል። ኮፊ አርብ ቀን የተወለደ ወንድ የሚጠራበት ስም ነው፤ ብሮክማን ደግሞ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው። ገንዘብ ያጠረውም አያጣውም ለማለት ነው።

ታዲያ ይህ «ባህላዊ» መክሰስ ከየት መጣ? የሚገርመው፣ የሁለቱም ተክሎች መነሻ አፍሪካ አይደለም። ፕላንቴን የሙዝ ወገን ነው፤ የኛው እንሰትም ዘመዱ ነው። መጀመሪያ የለማው ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኒው ጊኒ አካባቢ ሲሆን፣ አፍሪካ የደረሰው ፖርቹጋሎች ከመምጣታቸው በፊት ነው። ኦቾሎኒ ግን የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ፖርቹጋሎች በ1482 እ.ኤ.አ. ኤልሚና ላይ ምሽግ ሠሩ፤ ኦቾሎኒውም በቀጣዩ ክፍለ ዘመን በአትላንቲክ ንግድ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ገባ። ያው ንግድ ሰዎችንም በባርነት ይጭን ነበር።

ለገበሬው ተክሉ ብዙም እንግዳ አልሆነበትም። ፍሬውን አፈር ውስጥ የሚይዝ ባምባራ የሚባል ሀገር በቀል ጥራጥሬ ቀድሞም ያመርት ነበርና።

ጥምረቱ ጎበዝ መሐንዲስ ያሰበው ይመስላል። ፕላንቴኑ ስታርችና ፖታሲየም ይሰጣል። ኦቾሎኒው በ100 ግራም ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ስቡም ቶሎ እንዳይርበን ያደርጋል። በከሰል ስለሚጠበስ ዘይት አይጨመርበትም።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሲፈለግ መኖአቸው ውስጥ የነበረው የሻገተ ኦቾሎኒ ተገኘ። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በኋላ አፍላቶክሲን ተባለ፤ ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከምጣዱ በፊት ነው፦ ኦቾሎኒው እንደተነቀለ በደንብ ማድረቅና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ።

ለባቢሌ ኦቾሎኒም ሕጉ ያው ነው። እናንተም የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ፍሬ ካገኛችሁ አትዋጡት፤ ጣሉት። መክሰስ «ባህላዊ» ስለተባለ ብቻ ጤናማ አይሆንም፤ ጤናማ የሚያደርገው አያያዙ ነው።